ኮከብ ያለበት በር

የቤተ ሙከራው ውጤት የመጣው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮው ሲወጣ ፊቱን ለማጨፍገግ የተቻለውን ያህል ታግሏል፤ ግን አልሆነለትም። ደስታው በዓይኑ በኩል ያመልጥ ነበር። ሁሉም አየበት፣ ማንም አልፈረደበትም፤ የሁሉም ፊት ያንኑ ይመስል ነበርና።

«ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ እንጂ፣» አለ፣ «ተገኘ።»

የተገኘው ልምሻ ነው፤ ሐኪሞቹ ፖሊዮ የሚሉት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ሕፃን ሳይያዝ ቆይቶ፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ወንድ ልጅ ሁለት ቀን አተኩሶት ሲነሣ ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ናሙናው በበረዶ ሳጥን ተልኮ፣ ሦስት ሳምንት ከርሞ፣ ውጤቱ ይኸው መጣ።

ይህ መሥሪያ ቤት ልምሻን ከምድር ላይ ለማጥፋት ለሚደረገው ዘመቻ ገንዘብ ይሰበስባል። በሩ ላይ «የሀብት ማሰባሰብና የአጋርነት ክፍል» ተብሎ ተጽፏል፤ በግልጽ ቋንቋ ግን ክራባት ያሰረ ልመና ነው። ልመናውም የራሱ ጣጣ አለው። በሽታው በየሰፈሩ ሕፃናትን ሲጥል ለጋሽ ይጎርፋል፤ ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ለጋሹ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይልና ቦርሳውን ይዘጋል። ያችን የቀረችውን ጥቂት ነገር ለመጨረስ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ስንት ምራቅ እንደሚደርቅ የሞከረ ያውቀዋል። ጤነኛ ልጅ አንጀት አይበላም።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው አመስጋኟ ናት። ለለጋሾች የምስጋናና የልመና ደብዳቤ መጻፍ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቅጽሉም የወጣላት ከዚያው ነው፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ከደመወዝ መክፈያው ዝርዝር በቀር የሚያስታውሰው የለም። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ደብዳቤ ጽፋ እስክትጨርስ ሁለት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር። አሁን ስለ አንድ ሕፃን የማይንቀሳቀስ እግር እየጻፈች ብስኩት ትበላለች። ክፉ ሆና አይደለም። ብዙ ሰዓት የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው ደንዝዛለች፤ በዚያ ላይ ቆማ ትሄዳለች፣ ትሠራለች፣ ደመወዟን ትቀበላለች።

«ለባለጫማው ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፍለት፣» አለ ዳይሬክተሩ።

ባለጫማው የሕፃናት ጫማ ፋብሪካ ባለቤት ነው። በእያንዳንዱ የጫማ ካርቶን ላይ «አንድ ጥንድ ጫማ፣ ሁለት ጠብታ» የሚል አሳትሟል፤ ከሚሸጠው ጫማ ላይ ለክትባቱ ድርሻ ያወጣል ማለት ነው። ከአጋሮቹ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ውሉ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ እሱ ደግሞ ለደብዳቤም ለስልክም መልስ ከነሣ ሁለት ወር ሆኖታል። ካልፈረመ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚከትቡት አርባ ሰዎች የክትባት ሳጥናቸውን አስረክበው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

«ደግሞ ይሄን ተመልከቱ፣» ዳይሬክተሩ ሌላ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ። «በሁለተኛው ዙር ከታቢዎቹ እቤቱ ድረስ ሄደዋል። ምን ብለው መዘገቡ? እናት እምቢ አለች! አያችሁ? ታሪክ ማለት ይሄ ነው። እኛ አንኳኳን፣ እሷ ዘጋችብን። ባለጫማው ይሄን አንብቦ ካልፈረመ እኔ ከዚህ ወንበር እነሣለሁ።»

አመስጋኟ ወረቀቱን ተቀብላ አድራሻውን አነበበች። ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከአስፋልቱ ሲገቡ አራተኛው በር።

ቤቱን ታውቀዋለች። የመረጠችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአራት ወር በፊት ባለጫማው «መጥቼ በዓይኔ ልይ» አለ። ማየት ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጁ ለአንድ ሕፃን ጠብታውን መስጠትና ፎቶ መነሣት አማረው። እሱ እስኪመጣ ግን ሰፈሩ ሁሉ ተከትቦ ሊያልቅ ነው። የተከተበ ልጅ ደግሞ ትንሿ ጣቱ የማይለቅ ጥቁር ቀለም ትቀባለች፤ ጥቁር ጣት ያለውን ልጅ አቅርቦ «አሁን ሊከተብ ነው» ማለት አይቻልም። ስለዚህ አመስጋኟ የከታቢዎቹን አስተባባሪ ጠራችና «ጋሽ ጠመኔ፣ አንድ ቤት ያስቀሩልኝ፣» አለቻቸው።

ጋሽ ጠመኔ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከማስተማሩ የቀራቸው ጠመኔው ብቻ ነው፤ በየደረሱበት በር ላይ ቀኑንና የተከተቡትን ልጆች ቁጥር በሚያምር እጅ ጽሕፈት ይጽፋሉ።

«ማስቀረት ማለት?» ብለው ነበር ያኔ።

«ለሁለት ቀን ብቻ ነው።»

በማግስቱ አብራቸው ዞራ አራተኛውን በር መረጠች። የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል፣ ለፎቶ ይመቻል። ከአስፋልቱ ዐሥር እርምጃ ስለሆነ የእንግዳውን ጫማ ጭቃ አይነካውም። እናትየው ነፍሰ ጡርና ሳቂታ ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተሰቡ ወደ ሰፈሩ የገባው በቅርቡ ስለነበር ልጁ አንድም ጠብታ ቀምሶ አያውቅም፤ «የመጀመሪያው ጠብታ» ለፎቶ ግሩም ርዕስ ነው። ጋሽ ጠመኔ በቁጥሩ ፈንታ በሩ ላይ ኮከብ ሣሉ። ትርጉሙ «ይህን ቤት እለፉት» ነው።

በሁለተኛው ቀን የባለጫማው ጸሐፊ ደወለች፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁን። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ፣ ለሚቀጥለው ወር። ከዚያ በኋላ ቀጠሮውን ውሃ በላው። አመስጋኟም ቤቱን ረሳችው። ይኸው ነው፤ ረሳችው። ለማሳመር የሚነገር ምክንያት የለም።

እንግዲህ አድራሻውን ስታነብ ምን ተሰማት ቢባል፣ ምንም። ሒሳቡን ግን ቁጭ ብላ ሠራችው። በመጀመሪያው ዙር ያለፍነው እኛ ነን። በሁለተኛው ዙር ግን ከታቢዎቹ ሄደዋል፤ እምቢ ያለችው እናትየው ናት። ስለዚህ ጥፋቱ የእሷ ነው። ይህችን ሒሳብ እንደ ትራስ ከጀርባዋ ደገፍ አደረገችና ደብዳቤውን በአርባ ደቂቃ ጨረሰችው።

«አንዲት እናት በሯን ዘጋች» ብሎ ይጀምራል። ከታቢዎቹ በፀሐይ ተቃጥለው፣ ሳጥናቸውን ተሸክመው ከደጃፏ መቆማቸውን፣ እሷ ግን ልጇን ከኋላዋ ደብቃ መመለሷን ይተርካል። ልጇን መደበቋን ማንም አልመዘገበም፤ ከአመስጋኟ ብዕር የወጣ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው የጎደለውን መሙላት አያቅተውም።

ዳይሬክተሩ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «አንቺ እኮ አንደኛ ነሽ! በቃ፣ ነገ ሄደሽ ፎቶና ፊርማ አምጪ።»

ፊርማ ያለው የፈቃድ ቅጹን ነው። ቢሮው በዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ ፎቶው የሚወጣ ሰው ወይም ወላጁ የተጻፈውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊነበብለት ይገባል፤ ያልተነበበለት አይፈርምም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ አመስጋኟ ናት፣ ገና በምታለቅስበት ዘመን።

አመሻሹ ላይ ቤቷ ስትገባ አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ራት አቅርባ ጠበቀቻት። ምግቡ ትኩስ እንዳለ በሉ።

«ምነው ፈዘዝሽ?» አለች ታላቋ።

«ደክሞኝ ነው፣ እታለም።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

አመስጋኟ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ታላቅ እህት ከያዘች አትለቅም። «ድሮ ስለነዚያ ልጆች እያወራሽ ምግቡ ይቀዘቅዝብን ነበር፣» አለቻት። «'በቃሽ፣ ብዪ' እልሽ ነበር። አፌን በቆረጠው።»

«አንድ ልጅ ታሟል።»

«እኔን! ስንት ዓመቱ ነው?»

አመስጋኟ አሰበች፣ አሰበች። «ፋይሉ ቢሮ ነው ያለው፣» አለች። እህቷ ማንኪያዋን አስቀመጠችና አየቻት።

ረቡዕ ጠዋት መኪናው ሊነሣ ሲል ከጫማ ፋብሪካው አንድ ካርቶን ደረሰ። ዳይሬክተሩ ለባለጫማው ጸሐፊ ደውሎ ኖሯል፤ ባለጫማው ለታመመው ልጅ ጫማ ላከ፣ ፎቶው ላይም እንዲያደርገው። «ይኸው!» አለ ዳይሬክተሩ ካርቶኑን በመስኮት እያቀበላት። «ሁለት ወር ዝም ያለ ሰው በአንድ ሌሊት አፍ አወጣ። ፊርማዋን ብቻ አምጪልኝ።»

ጋሽ ጠመኔ የበረዶ ሳጥናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ ቤት ጀምረው የሰፈሩን ሕፃናት በሙሉ እንደገና ሊከትቡ ነው።

«ያ ቤት ነው አይደል?» አሉ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ።

«አዎ።»

«ኮከቡ ያለበት።»

«አዎ። ግን በሁለተኛው ዙር እናትየው እምቢ ብላለች እኮ፣ ጋሽ ጠመኔ።»

«እንጃ። እኔ ያን ጊዜ ታምሜ ተኝቼ ነበር። አዳዲስ ልጆች ናቸው የዞሩት።» ሳጥኑን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። ከጡብ ፋብሪካው የሚነሣው ቀይ አቧራ የሰፈሩን በር ሁሉ አልብሶታል፤ ይህኛው ግን ተወልውሎ ያበራል። ኮከቡ መሐሉ ላይ እንዳለ ነው። ጋሽ ጠመኔ ጠጋ ብለው አዩት። የአራት ወር ጠመኔ እንዲህ አይነጣም።

እናትየው ጨቅላ ሴት ልጇን ታቅፋ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ እነሱን አየች፣ ቀጥላ ከኋላቸው ወደ መንገዱ አንገቷን አሰገገች።

«እሰይ፣ መጣችሁ! እንግዳውስ?»

«ዛሬ አልመጣም፣» አለች አመስጋኟ።

«ይሁን፣ ግቡ፣ ግቡ። ኮከቡን አያችሁት? ሲደበዝዝ እኔው አደምቀዋለሁ። ስወለውልም እሱን አልነካውም፣ ዙሪያውን ብቻ ነው።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋ፣ መጋረጃ፣ ሁለት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የወንድ ካፖርት። ልጁ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጦ በፕላስቲክ ክዳን ይጫወታል። ቀኝ እግሩን አጥፎታል፤ ግራው ሌላ ሰው እዚያ ያስቀመጠው ዕቃ ይመስል ተዘርግቷል።

«ገና ወፌ ቆመች እያልነው ነበር እኮ፣» አለች እናትየው። «ሦስት እርምጃ ሄዶ አጨብጭበንለታል። ከዚያ አተኮሰው። ጤና ጣቢያ ውጤት ይጠበቅ ብለውኛል። ብርድ ይሆን እንዴ እህቴ? እርስዎ ያውቃሉ።»

አመስጋኟ ካርቶኑን አቀበለቻት። እናትየው ጫማዎቹን ስታይ ፊቷ በራ፤ ጨቅላዋን ለጋሽ ጠመኔ አሳቅፋ ልጇ ፊት ተንበረከከች። ቀኙ እግር ጣቶቹን ሰብስቦ ጥልቅ ብሎ ገባ። ሕፃን ጫማ ሲደረግለት እግሩ ትንሽ ይገፋል፣ ያግዛል፤ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። የግራው እግር አላገዘም። እናትየው ተረከዙን ይዛ ገፋች፣ እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈ። እንደገና ሞከረች።

«ቁጥሩ ጠቦት ነው፣» አለች። ጫማው አልጠበበውም።

ጋሽ ጠመኔ የጨቅላዋን እጅ ገልብጠው ትንሿን ጣት አዩ። ንጹሕ ናት። «ልጄ፣ ይህቺ ጠብታ አላገኘችም እንዴ? ሁለት ወር ሞልቷታል እኮ።»

«እሷንማ አስቀምጫታለሁ!» አለች እናትየው፣ አንድ ብልህ ነገር እንደሠራ ሰው። «ጤና ጣቢያ እንስጣት ሲሉኝ ቆይ አልኳቸው። እንግዳው ሲመጣ ለሁለቱም አንድ ላይ ያድርግላቸው ብዬ። ያኔም እነዚያ ልጆች መጥተው እንክተብ ሲሉኝ፣ ቤታችን ለእንግዳ ተይዟል፣ አደራ ተብዬአለሁ አልኳቸው። ኮከቡንም አሳየኋቸው። ሳቁብኝና የሆነ ነገር ጽፈው ሄዱ።»

በከታቢዎቹ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ያሉት ሳጥኖች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ተከትቧል፣ ቤት አልተገኘም፣ እምቢ ብሏል። ለእንግዳ ተይዟል የሚል ሳጥን የለም። ጋሽ ጠመኔ ጨቅላዋን እንዳቀፉ በርጩማው ላይ ቁጭ አሉና ወደ አመስጋኟ አላዩም። አመስጋኟ ሁሉንም ሰምታለች፤ ገብቷታልም። እጇ ግን የለመደውን ሥራ ቀጠለ፤ ቦርሳዋን ከፍቶ ደብዳቤውንና የፈቃድ ቅጹን አወጣ።

«የልጁን ፎቶ ለማውጣት ፈቃድሽ ያስፈልጋል፣» ስትል ራሷን ሰማች። «መጀመሪያ የተጻፈው ይነበብልሻል።»

«ያንብቡልኝ።» እናትየው እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተስተካክላ ተቀመጠች።

አመስጋኟ ማንበብ ጀመረች። አንዲት እናት በሯን ዘጋች። ሁለት ጠብታ ብቻ ነበር። ከታቢዎቹ በፀሐይ ተቃጥለው ከደጃፏ ቆሙ፤ እሷ ግን ልጇን ከኋላዋ ደብቃ መለሰቻቸው። ዛሬ ያ ልጅ መራመድ አይችልም። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው የተስተካከለ ነበር፤ ማረፍ ባለበት ቦታ አረፈ፣ ዝቅ ማለት ባለበት ዝቅ አለ። እናትየው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ሲያልቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምስኪን፣» አለች። «ምን ነክቷት ነው? ሰው በልጁ እንዲህ ይጨክናል?» ዓይኗን ጠረገች። «እዚሁ ሰፈር ናት? ማን ናት ሴትዮዋ?»

አመስጋኟ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች። ከጀርባዋ የደገፈችው ትራስ አሁን የለም።

«እኔ ነኝ፣» አለች።

«ምን አሉ?»

«በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ኮከቡን ያስሣልኩት እኔ ነኝ፤ ሰውየው ጠብታውን በእጁ ሲሰጥ ፎቶ እንዲነሣ ብዬ። እሱ አልመጣም። እኔ ደግሞ ረሳኋችሁ። ልጅሽን የያዘው ልምሻ ነው፣ ብርድ አይደለም። ያኔ ተከትቦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት...» እዚህ ላይ ቃል አጠራት፤ ቃል አጥሯት አያውቅም ነበር።

እናትየው ፍራሹ ላይ የቀረውን የግራ ጫማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ለፎቶ?»

«ለፎቶ።»

ልጁ ክዳኑን መሬት ላይ መታ፣ መታ። እናትየው ተነሣች። ወደ ጋሽ ጠመኔ ዞረች። «ሳጥኑ ውስጥ አለ?»

«አለ፣ ልጄ።»

«ይክፈቱት። ለሁለቱም ይስጡልኝ።» ከዚያም ዞር ሳትል፣ «አንቺ ውጪ፣» አለች።

አመስጋኟ ወጥታ ከበሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የጠዋቱ ፀሐይ ልክ እንዳሰበችው ፊት ለፊት ይመታል። ከውስጥ ጨቅላዋ ስታለቅስ ተሰማ፣ ወዲያውም ዝም አለች። ስልኳ ጠራ፤ ዳይሬክተሩ ነው።

«ፈረመች?»

«አልፈረመችም።»

«ፎቶውስ? ባለጫማው እየጠበቀ ነው እኮ!»

«ይጠብቅ፣» አለችና ዘጋችው።

የደነዘዘ እግር ደም ሲገባው መጀመሪያ ይቆጠቁጣል፤ ሰው «ምነው ደንዝዞ በቀረ» እስኪል ድረስ። አመስጋኟን እንደዚያ አደረጋት። አመማት፣ ደረቷ ላይ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ሁሉ አንድ ላይ። የልጁ ዕድሜ አንድ ዓመት ከሦስት ወር መሆኑን አስታወሰች። አፏን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች፤ መጸዳጃ ቤት አልነበረምና መንገድ የሚያልፈው ሁሉ እያያት።

በሩ ተከፈተ። እናትየው ጨቅላዋን ታቅፋለች፤ የትንሿ ጣት ጫፍ ጠቁሯል። በሌላው እጇ ደብዳቤውን ይዛለች።

«ይሄን ረስተሻል፣» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ይቅርታ የለም፤ ጩኸትም የለም። «አስተካክለሽ ጻፊና አንብቢልኝ። እውነቱ ከሆነ እፈርማለሁ፤ ልጄንም ያኔ ታነሺዋለሽ።»

አመስጋኟ ወረቀቱን ተቀበለች። እናትየው በሩን ልትመልሰው ያዘችና ቆም አለች።

«ግን አታስጠብቂኝ።»

አመስጋኟ ወረቀቱን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ እዚያው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች መጻፍ ጀመረች።